ከፒያሳ እስከ ዋታሙ፦ አንድ ዕቁብ ዓሣ ነባሪ ለማየት ያደረገው ዝግጅት

ፒያሳ ጎን ለጎን ሱቅ የነበራቸው ሰዎች አንድ ዕቁብ አላቸው። ወርቅ ሠሪ አሉ፤ ልብስ ሰፊ አለች፤ ፎቶ ቤት የነበረው አለ፤ ፋርማሲስት አለች። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ሱቆቹ ተነሡ፤ ሰዎቹም ወደ ለቡ፣ ወደ አያት፣ ወደ መገናኛ ተበታተኑ። ዕቁቡ ግን አልፈረሰም። ዛሬም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ይገናኛሉ።

እኔ ሥራዬ ጉዞ ማዘጋጀት ነው፤ ቢሮዬም ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። የዚህን ዕቁብ ጉዞ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ከሥር ከመሠረቱ ልጽፈው የፈለግሁት፣ ብዙ ሰው አሁን አሁን ተመሳሳይ ነገር እየጠየቀኝ ስለሆነ ነው። ስማቸውን አልጠራም። የሚጠቅመው የሠሩት ሥራ ነው።

ነገሩን ያስጀመረችው ልጅ ናት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የነነዌ ጾም በገባበት ሰሞን ሰንበት ትምህርት ቤት የዮናስን ታሪክ ሰምታ ከእናቷ ጋር ዕቁብ መጣች። የዕቁቡን ዳኛ፣ «አባባ፣ ዮናስን የዋጠው ዓሣ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ያኛው አይኖርም፤ ትልልቆቹ ግን አሉ» አሏት።

«እርስዎ አይተዋል?»

«ኧረ እኔ ባሕርም አላየሁ፣ ልጄ።»

ፎቶ አንሺው ጣልቃ ገብቶ፣ «ታዲያ ለምን ሄደን አናይም?» አለ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ግን የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተሯን ከፍታ የሚሄድ ሰው ትመዘግብ ጀመር። አሥራ ሁለት ሰው ሆኑ። በዚያው ሳምንት ዳኛው ከጸሐፊዋ ጋር ቢሮዬ መጡና፣ «ልጄ፣ ዓሣ ነባሪ የሚታይበት የቅርቡ አገር የት ነው? ሕፃን ይዘናል፤ እኔ ሽምግልና አለብኝ፤ ዋና የሚችል ደግሞ ከመካከላችን የለም» አሉኝ። ደንበኛ ከመጀመሪያው እንዲህ ሲነግረኝ ደስ ይለኛል። ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የት እንሂድ?

ፎቶ አንሺው ስልኩ ላይ የጅቡቲ ፎቶ ይዞ መጣ። ሰፊ ጀርባ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ጅቡቲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ዌል ሻርክ ነው። እሱ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነው እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደለም፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ አይወጣም፣ ልጁንም አያጠባም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚታየው ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ፣ እሱን በደንብ ለማየት መነጽር አድርጎ ውኃው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ዋና ለማይችል ቡድን አይሆንም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሄርማነስ የምትባል ከተማ አለች። ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ሳውዘርን ራይት የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ባሕሩ ዳርቻ ድረስ ይመጣሉ፤ ጀልባ ሳይከራዩ ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ማየት ይቻላል። ገንዘብና ጊዜ ላለው ሰው ዛሬም መጀመሪያ የምመክረው እዚያ ነው። ለዕቁቡ ግን ቪዛውም የትኬቱ ዋጋም ከበደ። ማዳጋስካርን፣ ሴንት ማሪ ደሴትን፣ አነሣንና ወዲያው ተውነው፤ ከዋና ከተማው በኋላ ያለው መንገድ ለሽማግሌና ለሕፃን አይሆንም።

ኬንያ ቀረች። ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲካ አካባቢ ተነሥተው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየዋኙ ወደ ሞቃቱ የኬንያ ባሕር ይመጣሉ። የሚመጡት ለመራባትና ለመውለድ ነው። ከማሊንዲ በታች ያለችው ዋታሙ የተባለች ትንሽ ከተማ ከእነሱ መንገድ አጠገብ ናት። ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ሞምባሳ ድረስ ቀጥታ በረራ አለ። ከዚያ ዋታሙ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ነው።

እግረ መንገዴን ለጸሐፊዋ የነገርኳትን አንድ ነገር እዚህ ላስገባ፤ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ኬንያ ውስጥ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ባለው የቱርካና አካባቢ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ዕድሜው 17 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቦታው ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይም 620 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ዓሣ ነባሪው ወንዝ ተከትሎ ገብቶ ነው እዚያ የቀረው። ወንዝ ይዞ እስከዚያ ለመግባት ምድሩ ያኔ ዝቅ ያለና ለጥ ያለ መሆን ነበረበት። ሳይንቲስቶች የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ከፍ ማለት የጀመረበትን ጊዜ ለመገመት የተጠቀሙት በዚሁ አጥንት ነው። ጸሐፊዋ ሰምታ ዝም አለች፤ ከዚያ፣ «እነሱ መጥተው ነበር ማለት ነዋ፤ አሁን እኛ እንሂድላቸው» አለች።

ቀኑን የወሰኑት ጾምና ነፋስ ናቸው

ዓሣ ነባሪዎቹ የሚመጡበት ጊዜ የእኛ ክረምት ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት አልተከፈተባትም፤ ይህ ጥሩ። ነሐሴ 1 ግን ፍልሰታ ይገባል። ከአሥራ ሁለቱ አብዛኞቹ ጾመኞች ናቸው፤ ዳኛው ደግሞ ሱባኤ ይገባሉ። በፍልሰታ ማንም ከአዲስ አበባ ንቅንቅ እንደማይል ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ከዕንቁጣጣሽ ጋር መጋጨትም አልፈለጉም። ስለዚህ ከነሐሴ 16 በኋላና ከአዲስ ዓመት በፊት ያለችው ጠባብ ጊዜ ቀረች። ደግነቱ ለዓሣ ነባሪ ይህ እንዲያውም ጥሩ ጊዜ ነው።

ለጀልባ ግን ያስቸግራል። ዓሣ ነባሪው በሚመጣባቸው ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ኩሲ የሚባል ነፋስ አለ። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ለወራት ይነፍሳል፤ ማዕበሉን ያስነሣል። ዓሣ ነባሪ ሲኖር ባሕሩ አይመችም፤ ባሕሩ ሲረጋ ዓሣ ነባሪው ሄዷል። ይህን ያልተረዳ ሰው አንድ ጠዋት ብቻ ይዞ ይሄድና ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ነጭ ማዕበል ሲያይ ውሎ ይመለሳል። ስለዚህ ለዕቁቡ የሰጠሁት ዋናው ምክር አንድ ነው፦ ለጀልባው አንድ ቀን፣ ለነፋሱ ደግሞ ሁለት ቀን ያዙ። መጀመሪያ አልወደዱትም። ትርፍ ቀን ማለት ትርፍ የሆቴል ሒሳብ ነው። ዳኛው ግን፣ «ለሠርግ ስንሄድ እንኳ ለዝናብ እናስባለን፤ ይሁን» ብለው ወሰኑ።

ገንዘቡ

ተራ ዕቁብ ለዚህ አይሆንም። ዕቁብ ዕጣ ነው፤ አንዱ ዛሬ ያነሣል፣ ሌላው የዛሬ ስድስት ወር። ጉዞ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ገንዘብ እንዲይዝ ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ዘዴ አመጣች። የተለመደው ዕቁብ እንዳለ ይቀጥል፤ ከጎኑ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ባንክ ይከፈት። ዕጣ የወጣለት ከደረሰው ላይ የጉዞ ድርሻውን ቀንሶ ያስገባ፤ ዕጣው የሚዘገይበት በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ። በዚህ መንገድ ማንም ሳይጨነቅ ሞላ።

የከበደው ምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ በብር የተሰላ የውጭ ወጪ ነገ ሌላ ነው። ስለዚህ በብር የሚከፈለውን ቶሎ ጨረስን። ትኬቱ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ስለሆነ ገና በግንቦት ተቆረጠ። በዶላር የሚከፈለውን ደግሞ አሳነስነው፦ ሆቴሉ ባሕር ዳር ላይ ሳይሆን በእግር የሚደረስበት ይሁን፤ ምሳውን ከከተማው እንብላ። የጉዞ የውጭ ምንዛሬውን እያንዳንዱ ሰው ፓስፖርቱንና ትኬቱን ይዞ ከባንክ ገዛ። ይህን በመጨረሻው ሳምንት አታድርጉት። ባንኩ በዚያ ቀን ጥሬ ዶላር ላይኖረው ይችላል።

ፓስፖርት ከሁሉ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ገሚሶቹ ጭራሽ አልነበራቸውም፤ የወርቅ ሠሪው ደግሞ ሊያልቅ ወራት ቀርተውት ነበር፤ ከስድስት ወር በታች የቀረው ፓስፖርት ይዞ መንገድ መጀመር ደግ አይደለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዳኛው ከ60 ዓመት በላይ ስለሆኑ ዝም ብለው እንዳይከተቡ፣ መጀመሪያ ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ አደረግን፤ በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ መከተብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወባንም አንርሳ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ስለ ወባ አያስብም፤ የኬንያ ጠረፍ ላይ ግን ወባ አለ።

የትኛው ካፒቴን?

ጊዜዬን በብዛት የወሰደው ይህ ነው፤ ቢወስድም ይገባዋል። ዋታሙ ውስጥ ዓሣ ነባሪ እናሳያለን የሚሉ ጀልባዎች ብዙዎቹ በሌላው ወቅት ለስፖርት ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። ጥሩ ጀልባዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚነዳቸው ሰው ላይ ነው።

ሁለት ቦታ ጻፍኩ። ሁለቱንም ያው ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «በዚያ ቀን ነፋሱ ቢበረታ ምን ታደርጋላችሁ?»

የመጀመሪያው፣ «አታስቡ፣ እኛ በየትኛውም ቀን እንወጣለን፤ ዓሣ ነባሪ እንደምታዩ ዋስትና እንሰጣለን» ብሎ መለሰ። ሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ ፈለገ፤ የሚመለስ ገንዘብም የለም። ሁለተኛው፣ «አንወጣም። በማግስቱ እናያለን። በማግስቱም ካልሆነ አትከፍሉም» አለ። ክፍያውን እዚያው ስንደርስ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ቀብድ መላክ ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን «አንወጣም» ያለው ነው። ባሕር ላይ ዋስትና የሚሰጥ ሰው ወይ ባሕሩን አያውቅም፣ ወይ ለእናንተ አያስብም።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለአሥራ ሁለት ሰው አለ ወይ? ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ልክ አለ? ራዲዮ አለው? ሞተሩ ሁለት ነው? ጥላ አለው? መጸዳጃስ? ዋና የማይችል ቡድን እንደሆነ ነገርኩት፤ «እንግዲያው ጃኬቱን ከባሕሩ ዳር ጀምሮ እስክንመለስ ማንም አያወልቅም» አለ። ዓሣ ነባሪ ስናገኝ ምን ያህል እንደሚጠጋም ጠየቅሁት። 100 ሜትር ላይ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ከፊት ለፊትም ከኋላም አይመጣም፤ ልጅ የያዘች እናት ከሆነች ደግሞ ጊዜውን ያሳጥራል። በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ ይኸው ነው።

አሥራ ሁለቱን በአንድ ጀልባ ከማጨናነቅ የእሱና የወንድሙ ሁለት ጀልባዎች እንዲሆኑ ተስማማን። ይህን የመከረን እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በጠና ቢታመም አንዱ ጀልባ ይመለሳል፣ የሌላው ሰው ቀን ግን አይበላሽም።

በሰዓት ጉዳይ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ ነው። ካፒቴኑ በአፉ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል የእኛው አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ሰባት ይላል። ሁለቴ አረጋግጡ። መነሻ ሰዓቱ ራሱ የሚወሰነው በባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው፤ ውኃው ሲጎድል ጀልባው ከዳርቻው ለመውጣት ይቸገራል።

ሆድ

ለደጋ ሰው ትልቁ ፈተና ማዕበል ነው። ጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን መጠበቂያ እየተንቀሳቀስን ነው ይላል፤ ጀልባው ውስጥ ያፈጠጠው ዓይናችን ደግሞ ቆመናል ይላል፤ ሆድ በመሃል ይገለበጣል። ፋርማሲስቷ ይህን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ተረከበች። አንድ እሑድ ቡና ቤቱ ውስጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ስለ ጤናቸው ጠየቀቻቸው። ለማቅለሽለሹ የሚሰጡት ክኒኖች አንዳንዶቹ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰው አይስማሙም። ወርቅ ሠሪው የዓይን ግፊት እንዳለባቸው ያን ቀን ነው የተናገሩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ክኒኑን አይነኩም፤ ዝንጅብል ይያዙ፣ ቶሎ ሊመለስ የሚችለው ጀልባ ላይም ይቀመጣሉ» አለቻቸው።

ለቀሩት መመሪያዋ አጭር ነበር። ክኒኑ ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ አይሠራም። ማታ መጠጥ የለም። ጠዋት ባዶ ሆድም አይሆንም፣ ጥብስም አይሆንም፤ ደረቅ ዳቦና ሻይ። ጀልባው ላይ ስልክ ላይ አታቀርቅሩ፤ አድማሱን እዩ። ነፋስ ባለበት፣ ወደ ጀልባው መሃልና ኋላ ተቀመጡ። ነጠላ ተዉትና የሚቆለፍ ጃኬት ልበሱ። የመጨረሻውን ልብስ ሰፊዋ አልወደደችውም፤ ግን ታዘዘች።

ባሕሩ

ሞምባሳ ደርሰን፣ ከከተማው ጭንቅንቅ ወጥተን፣ የቪፒንጎን የቃጫ እርሻ አልፈን ዋታሙ ስንገባ መሽቶ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ባሕርን መጀመሪያ የሰሙት በጆሯቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተዘጋጅተው ዳርቻው ላይ ቆሙ። ክኒኑ ተውጧል። ዳቦው ተበልቷል። ካፒቴኑ መጣና ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ የለም።»

ፊት ለፊታችን ያለው ውኃ እንደ ሐዋሳ የተኛ ነበር። ፎቶ አንሺው ተናደደ። «እንዲህ ተኝቶ እያየነው! ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተን!» አለ። ካፒቴኑ ሳይቆጣ እጁን ዘርግቶ ሩቅ አሳየን። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ነጭ መስመር አለ፤ ከግራ እስከ ቀኝ ይታያል። ኮራል ድንጋዩ ማዕበሉን እዚያ ይሰብረዋል፤ የተኛው ውኃ ከድንጋዩ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ ያሉት ከዚያ ወዲያ ነው። እያወራን ሳለን የሌላ ሰው ጀልባ እንግዶች ጭኖ ወጣ። ያኔ ማጉረምረሙ ባሰ። ዳኛው ግን፣ «እኔ ይህን ሰውዬ የመረጥኩት እንዲህ እንዲለኝ ነው» ብለው ወደ ሆቴሉ ተመለሱ። ሌላውም ተከተለ። የወጣው ጀልባ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ከላይ የነበሩት ሰዎች ከራስ እስከ እግር ረጥበው፣ ሁለቱ ሰው ተደግፈው ወረዱ።

ያን ቀን ጌዲን አየን። ጫካ ውስጥ ያለች የጥንት የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ናት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆናለች። ከዋታሙ ቅርብ ስለሆነች ነፋስ ላለበት ቀን የምትመች ናት።

በሚቀጥለው ጠዋት ነፋሱ ረገብ አለ። በሁለቱ ጀልባዎች ተከፍለን፣ በኮራሉ መካከል ባለችው በር ወጣን። በሩን ስናልፍ ጀልባው ከፍ ብሎ ወረደ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ «በስመ አብ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አላወራም። ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ብቻ ነበር። ወርቅ ሠሪው ዝንጅብሉ አልበቃቸውም፤ በጣም ታመሙ። አብረዋቸው ካሉት አንዷም ባሰባት። በዕቅዱ መሠረት የእነሱ ጀልባ ዞሮ ሄደ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎቹም አብረው ተመለሱ። ሲርቁ ማየት ከበደን።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው ያየነው። ካፒቴኑ ሞተሩን ቀነሰ። በስተግራ ከውኃው ላይ ነጭ ትንፋሽ ወደ ላይ ተነፋ፤ ከዚያ ከአጠገቡ ሌላ ትንሽ ትንፋሽ። እናትና ልጅ። ጀርባዋ ቀስ ብሎ መጣ፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፤ ከዚያ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ከአንበሳ አውቶቡስ ትረዝማለች። ልጁ ቶሎ ቶሎ አየር ለመሳብ ይወጣል፤ እሷ ዘግየት ትላለች። ሲወለዱ ወደ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ናቸው። ካፒቴኑ ሞተሩን ገለልተኛ ላይ አደረገው። ፎቶ አንሺው ጠጋ እንዲል በምልክት ለመነው፤ ካፒቴኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ።

ልጅቷ፣ «ምን ትበላለች?» አለች። የማውቀውን ነገርኳት። ምግባቸው ያለው ደቡብ፣ በረዶው አጠገብ ነው፤ እዚህ ሲመጡ እናቲቱ ለወራት እምብዛም ሳትበላ ከሰውነቷ ስብ እየኖረች ልጇን ታጠባለች። ዳኛው ሰሙና፣ «እሷ የፍልሰታውን ጾም አልፈታችም እንዴ!» አሉ። ጀልባው ሙሉ ሳቀ። ማቅለሽለሹም ለጊዜው የቀለለልን መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካፒቴኑ ራቅ ማለት አለብን አለ። እሷ ስትጠልቅ ጭራዋን ወደ ላይ አነሣች። ፎቶ አንሺው ያኔ ተዘጋጅቶ ነበር። የሃምፕባክ የጭራ ሥር ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ተመራማሪዎች እያንዳንዷን የሚለዩት በእሱ ነው። ፎቶው ጥርት ያለ ሆኖ ስለተገኘ ካፒቴኑ እዚያው ፎቶ ለሚሰበስቡ ሰዎች እንዲልክለት ጠየቀው። ይህ ሰው ፒያሳ ዕድሜውን ሙሉ የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ነው። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ካሜራውን በደንብ ይዞ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከተመለስን በኋላ የተነጋገርነው

የተመለሰው ጀልባ ላይ የነበሩት ዓሣ ነባሪ አላዩም። ይህን አልደብቅም፤ ያሳዝናል። የቀረችው ትርፍ ቀን ለእነሱ ሆነች፤ ካፒቴኑም በጣም ቀንሶላቸው በማግስቱ አወጣቸው። ዶልፊኖች አዩ፤ ዓሣ ነባሪ ግን አልመጣም። ወርቅ ሠሪው ሁለተኛ ጀልባ አልነካም ብለው ዳርቻው ላይ ቀሩ። አዲስ አበባ ስንደርስ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሄርማነስ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ፣ ካልን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እሳቸው እንደሚሆኑ ነገሩን። እኔም ለእሳቸው ከመጀመሪያው የሚመጥነው ያ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጤና ጉዳይ ቦታ ከመመረጡ በፊት መጠየቅ አለበት፤ አሁን ለማንኛውም ቡድን የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ እጠይቃለሁ።

ገንዘቡ በቃ፤ ትንሽም ተረፈ። ከታሰበው በላይ የወሰደው ከሞምባሳ ዋታሙ ያለው መኪና ነው። የተረፈውን ጸሐፊዋ ወደ ጋራ ሒሳቡ መለሰችው፤ ሒሳቡንም አልዘጉትም።

በመጪው ነሐሴ ለመሄድ የሚያስብ ቡድን ፓስፖርቱን ከፋሲካ በፊት ይጀምር፤ ትኬቱን በግንቦት ይቁረጥ፤ ክትባቱን ከፍልሰታ በፊት ይጨርስ። የካፒቴኑን ስልክ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስንት ትርፍ ቀን እንደያዙ እጠይቃቸዋለሁ።